ያልተደወለለት ኢሜይል

የድሬ ሰው ጽሑፍ አያምንም። ይህን ስላችሁ ማንበብ አይችልም ማለቴ አይደለም። ማንበብማ ያነባል፤ እንዲያውም መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትገባዋን ቀጭን ወረቀት እስከ ታች አንብቦ፣ አንብቦ ሲጨርስ መድኃኒቱን ፈርቶ የሚተው ብዙ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። በእኛ ከተማ የተጻፈ ነገር የሰው ድምፅ ካልታከለበት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ በላሁ አያሰኝም። የሰርግ ካርድ እንኳን ተመልከቱ። ባለሰርጉ ካርዱን ራሱ ይዞ ቤታችሁ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ በእጃችሁ ይሰጣችኋል። ትንሽ ቀን ቆይቶ ይደውላል። «ካርዱ ደረሰህ ወይ?» ይላችኋል። በእጁ የሰጣችሁ እሱ ነው። እናንተም «እንዴ፣ አንተው አይደለህ የሰጠኸኝ» አትሉም፤ ነውር ነው። «ደርሶኛል፣ አላህ ይባርከው» ትላላችሁ። የሰርጉ ዋዜማ ደግሞ እህቱ ብቅ ትልና «ወንድሜ ደውሎልህ ነበር አይደል?» ትላለች። እንግዲህ ለካርዱ ስልኩ፣ ለስልኩ እህቱ ምስክር ናቸው ማለት ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ሰርጉ ላይ የቀረ ሰው ከቀብር በቀር ምክንያት አይቀበሉትም። ቀብሩም የራሱ ቢሆን ይመረጣል።

ኢሜይል ወደ ድሬ የገባው እንዲህ ያለ ሰው መሀል ነው። ያየውን መከራ ልንገራችሁ፤ አብሬው ነበርኩ።

የምሠራው ከዚራ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር በተወሸቀች አንዲት ክፍል ቢሮ ውስጥ ነው። ትራንዚት ቢሮ ይሏታል። ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ጅቡቲ ወደብን ከረገጠበት ሰዓት ጀምሮ፣ ጉምሩክ አልፎ ባለቤቱ ደጃፍ እስኪራገፍ ድረስ ወረቀት ለወረቀት የምንሯሯጥ ሰዎች ነን። ዕቃው ራሱ አያስቸግርም፤ ተኝቶ ነው የሚመጣው። እንቅልፍ የሚነሳው ወረቀቱ ነው። የቢሮው ባለቤት ሐጂ ዩሱፍ፣ በድሮው ባቡር ወረቀት በጉያቸው ሸጉጠው ጅቡቲ ሲመላለሱ ፀጉራቸውን ያሸበቱ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ወረቀት የሚጠፋው ተሸካሚው አብሮ ሲጠፋ ብቻ ነበር ይላሉ። አሁን ግን ሰውየው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀቱ ይጠፋል።

እኔና ትምህርት ቤት የተለያየነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ጠብ አልነበረንም፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልናፈቅኩት። ከዚያ የሰው ባጃጅ ነዳሁ፣ ሳቢያን ብርቱካን ሸጥኩ፣ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ ስዞር ቆይቼ በመጨረሻ ታይዋን ገበያ የስልክ ሽፋን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሐጂን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ስልካቸውን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው አንጠልጥለው መጡ። ስልኩ እንደ ፍየል ቃጭል ቲንግ፣ ቲንግ ይላል።

«ይሄን ነገር ዝም አሰኝልኝ» አሉኝ።

ከፈትኩት። ያልተነበበው ኢሜይል ከመብዛቱ የተነሳ ስልኩ ራሱ መቁጠሩን ትቶ የመደመር ምልክት አስቀምጦ ተገላግሏል።

«ሐጂ፣ ይሄ ሁሉ ደብዳቤ ነው።»

«የማን?»

«የእርስዎ።»

«እኔ ለማንም አልጻፍኩ። እነሱ ምን ቤት ናቸው የሚጽፉልኝ?»

በማግስቱ ስልኩን ተረክቤ ቢሯቸው ተቀጠርኩ። የሥራዬ መደብ ስም የለውም። ሐጂ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «የኢሜይል ልጃችን» ይላሉ፤ ሌላው ቤት የመኪና ልጅ፣ የውሃ ልጅ እንዳለው ሁሉ።

መጀመሪያ ላይ ቲንግ ባለ ቁጥር እከፍት ነበር። ኢሜይል ደግሞ እንደ ፈንዲሻ ነው፤ አንዷን አንስቶ የሚያቆም ሰው አላየሁም። ጉምሩክ መስኮት ላይ ተሰልፌ ተራዬ ሲቃረብ ቲንግ ይላል፤ አንገቴን እደፋለሁ፤ ቀና ስል ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ጉዳዩን ጨርሶ ሰላም ብሎኝ ሲያልፍ አየዋለሁ። ሻይ አዝዤ ቲንግ ይላል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። በድሬ ሙቀት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለመሆኑ ምን ነበር የሚመጣው? ግማሹ ማስታወቂያ ነው። አንዱ በማላውቀው አገር ያለ ሱቅ፣ የክረምት ካፖርት በግማሽ ዋጋ ካሁኑ ግዛ ብሎ ይለምነኛል። ካፖርት። ለድሬ። ሌላው ያልተጠራንበት ስብሰባ ወደ ሌላ ቀን መዛወሩን በታላቅ ትሕትና ያስታውቀናል። ማታ ሐጂ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ይሉኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይጭን ሲዞር እንደዋለ ባጃጅ ነዳጁን ጨርሼ ነው የምገባው።

አንድ ቀን ድምፁን አጠፋሁት። ደንብም አወጣሁ። ሱቁ ሁሉ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ካለው ኢሜይል ምን ስለሆነ ነው ሌት ተቀን በሩን ከፍቶ የሚያድረው? የድሬን እኩለ ቀን ታውቃላችሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማዋ መዝጊያዋን ትስባለች። ነጋዴውም፣ ፍየሉም፣ ውሻውም ጥላ ይፈልጋል፤ እስከ ዘጠኝ፣ አንዳንዱም እስከ አሥር ሰዓት ከፀሐይዋ በቀር ሥራ ላይ ያለ ፍጡር የለም። እኔም እንደዚሁ ኢሜይል ጠዋት አንዴ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ሲነሳ አንዴ እከፍታለሁ፤ በመሀል ቢፈነዳም አላይም አልኩ። ሰላም ሆንኩ።

አንድ ቀን ሙሉ ሰላም ሆንኩ።

በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጀመረ። «አቦ፣ ኢሜይል ልኬልህ ነበር፣ አየኸው?» ይላል አንዱ። «መቼ የላክኸው?» ስለው «አሁን፤ እየጨረስኩ ነው» ይለኛል። በአንድ እጁ እየጻፈ በሌላው ይደውላል። ስልኩን ሳልዘጋ ሌላው በር ላይ ቆሟል፤ «ስደውል ተይዟል አለኝ፤ ምነው፣ በሰላም ነው?» ይላል። የተያዘው ኢሜይል ልኬልሃለሁ ከሚል ሰው ጋር መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳው? አንዱ የመልካ ጀብዱ ደንበኛችንማ ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ተኮናትሮ ቢሮ ድረስ መጣ፤ ላቡን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ፣ የሐጂን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የእኔንም ጤና ጠየቀ። ከዚያ «እዚያ ኔትዎርክ የለም፤ ሲመለስ ኢሜይል ልልክልህ ነው። ድንገት ሲመጣብህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ብሎ ተመልሶ ሄደ። ወላሂ የመጣበትን ጉዳይ ራሱን አልነገረኝም፤ እሱን በኢሜይል ሊጽፈው ነዋ።

ብልጠት የመጣብኝ እዚህ ላይ ነው። ብልጠት እንደ ጉንፋን ነው፤ ከማን እንደያዘህ አታውቅም፣ ሲለቅህም አድክሞህ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይሄ ሰው ሁሉ ጉዳዩ ከጨነቀው ይደውላል፤ በጣም ከጨነቀው በእግሩ ይመጣል። እንግዲያው ከኢሜይሉ ውስጥ የቱ አስቸኳይ እንደሆነ እኔ ምን አደከመኝ? ከተማው ራሱ ይመርጥልኛል። አበው «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ያሉት ኢሜይል ሳይፈጠር ነው፤ ግን ለኢሜይል ያሉት ነው የሚመስለው። ስለዚህ አዲስ ደንብ ወጣ። የተደወለለት ኢሜይል ይነበባል። ያልተደወለለት ኢሜይል ሳይከፈት «ዝምተኞች» ብዬ ስም ወዳወጣሁለት ፎልደር ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

እንዴት እንደሠራ አትጠይቁኝ። የሐጂ ኢንቦክስ ከተከፈተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ። ገጹን ለሐጂ አሳየኋቸው፤ ለዒድ በኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ያበራል። ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ?»

«ዝም ያለውን ለብቻ አስቀመጥኩት።»

«ደግ አደረግክ። ዝም ካለ ምን ይሠራል እዚህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ባለሙያ ሆንኩ። ሻይ በትኩሱ መጠጣት ጀመርኩ። ጉምሩክ ተራዬን ማንም አልወሰደብኝም። ኢሜይል ያስቸገረው የሰፈሩ ሰው ቢሮ ድረስ መጥቶ ምክር ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም እግሬን አጣጥፌ «ባለቤቱ ካልጮኸ» እያልኩ አስተምር ነበር።

አዴ ፋጡማ የመጡት በዚህ የክብር ዘመኔ ላይ ነው። አዴ የምንላቸው በኦሮምኛው ለወግ ነው፤ ለሰፈራቸው ሁሉ እናት ናቸውና። ቤታቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው፤ በረንዳቸው ላይ የማንጎና የፓፓያ ጭማቂ ይሸጣሉ። ጭማቂውን የሚያቀዘቅዙት ውሃ በፌስታል እየቋጠሩ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ በሚያስተኙት በረዶ ነው። ፍሪጁ ከበረዶ ይልቅ ድምፅ ነው የሚያመርተው። ስለዚህ አዴ ፋጡማ ከቻይና የበረዶ ማሽን አዘዙ፤ ለማሽኑ ምን እንደሸጡ ባዶ አንገታቸው ይናገራል። ረመዳን እየመጣ ነበር። ረመዳን በሙቀት ወር ሲውል ድሬ ላይ በረዶ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ማፍጠሪያው ሰዓት ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ በረዶ ፍለጋ ይወጣል። ያቺን ወር በረዶ የያዘ ሰው የዓመት እንጀራውን ያወጣል፤ ያቺ ወር ያመለጠችው ደግሞ ማሽኑን አቅፎ እስከ ከርሞ ይቀመጣል። አዴ ፋጡማ ለደንበኛው ሁሉ አስቀድመው ተናግረዋል፤ ለሰፈራቸው መስጊድም የማፍጠሪያ በረዶ ሊሰጡ ነይተዋል፤ ለአላህ የተገባ ቃል ነው።

ሐጂ ዩሱፍ ጉዳዩን ሲቀበሉ እዚያው ነበርኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ፋጡማ፣ ጨረቃዋ ሳትታይ በረዶሽን ታዪያለሽ» አሏቸው። ቀጥለው በአገጫቸው እኔን አሳዩ። «የኢሜይል ልጃችን ይከታተለዋል።»

ሐጂ በባቡሩ ዘመን የሰጡትን ቃል ያጠፉበት ጊዜ የለም ይባላል። አሁን ያ ቃል እኔ ስልክ ውስጥ ገባ።

አዴ ፋጡማ በየቀኑ ይመጣሉ። ማራገቢያው ሥር ይቀመጣሉ፣ ሻሻቸውን ያላላሉ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይጠብቁና «ልጄ፣ ምን አሉ?» ይላሉ።

«ማንም አልደወለም፣ አዴ።»

«ካልደወሉ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው። ችግር ቢኖር ይደውሉ ነበር።»

ይህን ስል ልቤን ሞልቼ ነው። ጅቡቲ ያለው ወኪላችን በየምክንያቱ የሚደውል ሰው ነበር፤ መርከብ መጣ ብሎ ይደውላል፣ መርከብ አልመጣም ብሎ ይደውላል፣ ለመርከቡም ለማንም ሳይሆን ዝም ብሎም ይደውላል። አሁን ግን ድምፁ ጠፋ። እኔ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ሥራ ከበዛ ዕቃው እየተንቀሳቀሰ ነው አልኩ። ይኸውላችሁ፣ ሰው ብልጥ ነኝ ብሎ ካመነ የተዘጋ ስልክ እንኳን የምሥራች ይመስለዋል።

ቀኑ እየሄደ ነው። ከፊራ ገበያ ላይ ቴምሩ በየካርቶኑ ተከመረ። የሳምቡሳ ሊጥ የሚያዘጋጁት ሴቶች ብርድ ልብስ የሚያህል ጨርቅ እያጠቡ ማስጣት ጀመሩ። ሐጂ አዴ ፋጡማን ሲያዩ ሰላምታቸው እያጠረ፣ እኔን ሲያዩ ግልምጫቸው እየረዘመ መጣ። አዴ ፋጡማ ግን አልጮኹም፤ ይመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያንኑ መልስ ይዘው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሐጂ ለምሳና ለጫታቸው ወጥተው፣ እኔ መስኮቱን ልዘጋ ስነሳ፣ አዴ ፋጡማ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ልጄ፣ ቤቴን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ። ደቻቱ ዳር።»

«ወንዙንስ?»

የማያውቅ ማን አለ? ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጥበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ከዚያ አንድ ቀን እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ይወርዳል።

«ሲመጣ ደውሎ ነው የሚመጣው?» አሉ።

እጄን ከመስኮቱ አንስቼ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«የሚጮኸውማ ነጋዴ ነው፤ ጮኾ ጮኾ ወደ ቤቱ ይገባል። እስኪ ያንን ዝም ያለውን ክፈትልኝ።»

መስኮቱን ዘጋሁት። በሩን ገርበብ አደረግኩት። ማራገቢያው ብቻ እየዞረ፣ አዴ ፋጡማ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ «ዝምተኞች»ን ከላይ ጀምረን አንድ በአንድ መክፈት ጀመርን። አንድ ነገር ቆይቶ ገባኝ። ስልክ አልጮኸም። በር አልተንኳኳም። ድሬ ሙሉ በሙሉ ተኝታለች፤ ኢሜይል ልኬልሃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ያንኮራፋል። ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ደብዳቤ ጀምሬ የጨረስኩት ያን ቀን ነው።

እነዚህ ዝምተኞች ምን ዓይነት ሰዎች መሰሏችሁ? እርግጥ ካፖርት ሻጩ አለ፤ አሁን ጭራሽ ጓንትም ጨምሮበታል። ግን ከእሱ ሥር አንድ የቀድሞ ደንበኛ፣ የልጁ የሕክምና ዕቃ በጊዜ ስለደረሰለት ለሐጂ የጻፈው ረጅም ምስጋና ተኝቷል። ለምስጋና የሚደውል የለም። ሌላው ስህተት መሥራቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል። ለይቅርታም የሚደውል የለም። ጨዋ ጨዋውን ሰው ሁሉ መርጬ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፌበት ኖሯል።

ወረድ ስንል ሮብሌ የሚባል ሰው አገኘን። በመጀመሪያው ኢሜይል የድሮው ወኪላችን ሥራ መልቀቁንና እሱ መተካቱን ይነግረናል፤ ስልኩን ከታች ጽፏል፣ መልካም ጊዜ ተመኝቶልናል። በሁለተኛው የአዴ ፋጡማ ማሽን ወደብ መድረሱን፣ ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ጋዝ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚገልጽ የፋብሪካ ወረቀት ስላልተያያዘ ለብቻው ተለይቶ መቀመጡን ይናገራል፤ ወረቀቱ ሲደርስ በማግስቱ እንደሚጫን ቃል ይገባል። በሦስተኛው ያንኑ ይደግማል። አራተኛው ላይ «ጌታዬ?» ብሎ ብቻ አቁሟል። የሰውየው ጨዋነት አንጀት ይበላል።

«ወረቀቱ የት ነው ያለው?» አሉ አዴ ፋጡማ።

ጣቴን አንድ እርምጃ ወደ ታች ባወርደው ቻይናዎቹን አገኘኋቸው። ወረቀቱን ከላኩት ቆይተዋል፤ ያስፈልጋችኋል ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እነሱም አልደወሉም። ጥያቄውና መልሱ አንድ ፎልደር ውስጥ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ተኝተዋል፤ መሀላቸው የተጋደምኩት ትራስ እኔ ነኝ።

መልሱን ለጥያቄው ላክሁት። ሻይ ፉት ከማለት አያልፍም። አዴ ፋጡማ ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐጂ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሲመለሱ ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው። ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«ወረቀቱን ልከሃል?»

«ልኬያለሁ።»

«ደውለሃል?»

«አልደወልኩም።»

«እንግዲያው አልላክህም።»

ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ጥለዋል። የእኔ ሶማልኛ ግማሽ ነው፤ ለገበያ ይበቃል፣ ለይቅርታ ያጥራል። በመጨረሻ አነሳው።

«ዋሪያ፣ ማን ነህ?» አለኝ። ዋሪያ በእነሱ «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው።

«ከድሬ ነው። ኢሜይል ልኬልህ ነበር፣ አየኸው?»

«አይቼዋለሁ። መልስ ጽፌልሃለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም። አላየኸውም?»

«አልደወልክልኝማ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አንተ ሰው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገር፣ «ከደወልኩ ለምን እጽፋለሁ? ከጻፍኩስ ለምን እደውላለሁ?»

ሐጂ ቀና አሉና በአማርኛ፣ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ልጅ ሰርግ ተጠርቶ አያውቅም እንዴ?» አሉኝ።

ሮብሌ ግን ቃሉን ጠበቀ። የማሽኑ ሳጥን የተጫነበት መኪና ደቻቱ ሰፈር የደረሰው፣ ሰው ሁሉ ጨረቃ ፍለጋ ጣራ ላይ በወጣበት ምሽት ነው። ጎረምሳው ከጣራ ወርዶ ሳጥኑን አወረደ፤ ጠቢቡ ሁሉ ቀኝ ነው፣ ግራ ነው እያለ በረንዳው ላይ አስገባው። ውሃው ተቀጠለ። ገመዱ ተሰካ። መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ የአዴ ፋጡማ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ «ይሄም ደውሎ አይሄድም» አሉ። እሳቸው ራሳቸው መሳቅ ሲጀምሩ ነው ሌላው ለመሳቅ የደፈረው። እኔ ግን ከሐጂ አጠገብ ቆሜ ስለነበር ጥርሴን አላሳየሁም።

መብራቱ ተመለሰ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ ሁላችንም እንደ አዋላጅ ዙሪያውን ከብበን ጠበቅን። ከዚያ የመጀመሪያው በረዶ ቋ ብሎ ወደቀ። ጣራ ላይ የቀሩት ልጆች «ታየች» ብለው የጮኹትም ያኔ ነው። በረዶው ቀደመ ወይስ ጨረቃዋ በሚለው ሰፈሩ እስከ ዛሬ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ሐጂ በረዶው ነው ይላሉ። አዴ ፋጡማ ሲጠየቁ ለሐጂ ጨረቃዋ፣ ለእኔ በረዶው እንደቀደመ ይናገራሉ፤ አንዳችንም እርግጠኛ እንድንሆን አይፈልጉም።

እኔ ደግሞ ደንቤን ለወጥኩ። በየቀኑ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ድሬ ስትተኛ መስኮቱን ዘግቼ ያልተደወለለትን ብቻ አነባለሁ። የሚጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቀኛል፤ ይጮኻል እንጂ የትም አይሄድም። ብትሞክሩት አትጸጸቱም፤ ከተማችሁ እኩለ ቀን ላይ የማይተኛ ከሆነ ግን እኔ የማደርግላችሁ የለም፣ ከተማ ቀይሩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ጥፋቱ የአዴ ፋጡማ ነው። ረመዳኑን ሙሉ በረዶ ሊወስድ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «እዚያ ቢሮ ስትጽፉ አትደውሉ፤ ልጁ አስቀድሞ የሚያነበው ዝም ያለውን ነው» ሲሉ ከረሙ። የድሬ ሰው ጽሑፍ አያምንም እንጂ አዴ ፋጡማን ያምናል። ዒድ ሲደርስ የቢሯችን ስልክ ጸጥ አለ። የመልካ ጀብዱው ሰውዬ እንኳን ቀረ። ከተማው በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነብኝ። አሁን ሁሉም ይጽፋል፣ ማንም አይደውልም፣ ሁሉም ዝምተኛ ነው። ከዝምተኛው የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ካፖርት እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ። ያ የመደመር ምልክት ተመልሶ ስልኩ ላይ ተቀምጧል።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ዘግቼ፣ የትኛውን እንደምከፍት ግራ ገብቶኝ ሳፈጥጥ፣ ስልኩ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውል የድሬ ሰው የለም። አየሁት፤ ከጅቡቲ ነው።

«ዋሪያ፣ እንዴት ዋልክ? ሐጂ ደህና ናቸው? አዴስ? በረዶው?» አለኝ ሮብሌ። ሰላምታውን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳያስቀር ጨረሰ። ከዚያ ትንሽ አፍሮ «ኢሜይል ልኬልህ ነበር፣ አየኸው?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

አላየሁትም ነበር። ግን ደውሏል፤ መጀመሪያ የከፈትኩት የእሱን ነው።